ምራት ስታነብ

ወገራ፣ መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለይርገዱ፤ ጎንደር፣ ቁስቋም።

ክረምቱን በሰላም ያወጣሽ አምላክ በጋውንም ያሳልፍሽ። አንቺ እንደምን ከረምሽ? ልጅሽ ሶሊያናስ? እኔ ወንድምሽ ማሩ፣ ልጄ ሐረገወይንም፣ ከብቶቹም ደኅና ነን። ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን ከሰማሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰዉ ኔትወርክ ይመጣል እያለ ስልኩን ይዞ ጉብታ ለጉብታ ሲዞር ይውላል። እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ የድሮውን መንገድ ይዣለሁ። ይህን ወረቀት ነጭ ሽንኩርት የሚነግደው ተክለ ጊዮርጊስ ያደርስልሻል፤ መልሱንም ለእሱ ስጪው።

ገብሱ ሸጋ ነው፣ ውርጭ አልነካውም። ትምህርት ቤቱ ግን ዘንድሮም አልተከፈተም። መምህራኑ ከሄዱ ቆይተዋል፣ ደጁ ሣር በቅሎበታል። ሐረገወይን ስምንተኛን ጨርሳ ቤት ከዋለች ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እናቷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ሐሳቤ በቀለለ። ሴት ልጅን ብቻዋን ቤት ትቶ እርሻ መዋል በዚህ ዘመን እንዴት እንደሚያስጨንቅ አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ አታውቂውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው አያ ወልደኢየሱስ ለልጁ ለምናለ ሽማግሌ ልኳል። ቤቱ እህል የሞላው ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው፣ አይጠጣም። እህቴን ሳልጠይቅ አልመልስም ብዬ ሰድጃቸዋለሁ። የምትይውን ቶሎ ላኪልኝ። ለልጅቱም ጫማ ላኪላት፤ ቁጥሩን ራሷ ትጽፈዋለች።

ወንድምሽ ማሩ

ጸሐፊዋ ሐረገወይን እጅ ነስቻለሁ። አባዬ ያለኝን ነው የጻፍኩት። የእግሬ ቁጥር ሠላሳ ስድስት ነው። ከጫማው ግን የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ቢሆን ይሻለኛል፤ ይህቺን አባዬ አላለም።


ጎንደር፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለአያ ማሩ፤

ጤናህን ያብዛልኝ፣ ጎተራህን ይሙላልኝ። ደብዳቤህ ወር አልፎት፣ ነጭ ሽንኩርት ሸትቶ ደረሰኝ። ሶሊያና አፍንጫዋን ይዛ ነው የሰጠችኝ። እኛ ደኅና ነን።

አያ ማሩ፣ አትስጣት። ነገሬ ይኸው ነው። የሚያስቀይምህ ከሆነ ተቀየም፣ ቂምህን እችለዋለሁ። ልጅቱ ክርስትና ስትነሣ እቅፌ ላይ ነበረች፣ ዕድሜዋን የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም፤ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሕጉም አይፈቅድም። ግን ሕጉን ልተወውና የማውቀውን ልንገርህ።

እኔ አዋላጅ ነኝ፤ የምውለው ማዋለጃ ክፍል ነው። ከየገጠሩ በቃሬዛ የሚመጡልንን ልጆች አያለሁ። ዳሌያቸው ገና አልሰፋም፣ የሕፃኑ ራስ አያልፍም። ምጡ ቀናት ይፈጃል። ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ይሞታል፤ እናቲቱ ብትተርፍ እንኳ ሽንቷን መያዝ አቅቷት ከሰው ተለይታ ትኖራለች። ሌላዋ የደም ግፊቷ በድንገት ይንርና ራሷን ስታ ትንዘፈዘፋለች። ዘመዶቿ የሚጥል በሽታ መስሏቸው እዚህ ሲያደርሷት ረፍዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ በትልቅ ሴትም ይደርሳል፤ በልጅ ላይ ግን ይበረታል።

ትምህርት ቤት ካልተከፈተ መንገዱ ጸጥ ባለ ቀን ወደ እኔ ላካት። ቤቴ ጠባብ ቢሆንም ከሶሊያና ጋር ትተኛለች። ጫማውንም መጽሐፉንም ልኬያለሁ። ሐረግዬ፣ ይህን ለአባትሽ ረጋ ብለሽ አንብቢለት፤ አንድም ቃል አታስቀሪ።

እህትህ ይርገዱ


ወገራ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለይርገዱ፤

እንደምን ሰነበቱ? ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ከራሴ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም። ከጥር ወዲህ የምኖረው ከወንዙ ማዶ፣ አያ ወልደኢየሱስ ቤት ነው። ሳላሳውቅዎ በመቅረቴ ይቆጡኛል። ቢቆጡኝም እውነቱን ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰ ዕለት ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተቀምጠው ነበር፣ አያ ወልደኢየሱስም ነበሩ። አባዬ «አንብቢ፣ እህቴ ያለችውን ሁሉም ይስማ» አለኝ። ሰላምታውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አትስጣት» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔው ስለ ራሴ አትስጣት ብዬ ባነብ ከሆዷ ያወጣችው ነው የሚሉ መሰለኝ። ከዚያ በታች ያሉትንማ ከአፌ እንዴት ላውጣቸው? ዳሌ፣ ማህፀን፣ ሽንት የሚባለውን በአባቴና በሽማግሌ ፊት? እርስዎ ሲጽፉት የሐኪም ቃል ነው፤ እኔ ሳነበው የባለጌ ልጅ ቃል ነው። ስለዚህ ዘለልኩት። ዘልዬ ዘልዬ «ቤቴ ጠባብ ቢሆንም» የሚለው ላይ ደረስኩ፣ እሱንም ዘለልኩት፣ ጫማ ልኬያለሁ የሚለውን አነበብኩ። አባዬ «ይርጌም አልተቃወመችም» አለ። የሆነው ይኸው ነው።

እዚህ ምራት በባሏ አባት ፊት አትናገርም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ገብቼ እወጣለሁ። ስማቸውንም በአፌ አልጠራም፤ በወረቀት ግን የከለከለኝ የለም። ድምፄን የሚሰሙት ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው። አባዬ የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣል፣ እኔ አነባለሁ፣ አያ ወልደኢየሱስም «ታንብብ» ብለው ፈቅደዋል። ምናለ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አባቱ ፊት እሱም እንደ እኔው ነው።

ከጾም መግቢያ ወዲህ ልማዴን አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። የምናለ እናት ነቅታብኝ እልል ብላለች። አክስቴ፣ ያን ዕለት የዘለልኩትን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለማንም ልነግረው አልችልም። ፈርቻለሁ።

ሐረገወይን


ጎንደር፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማሩ፣ ለአያ ወልደኢየሱስና ለቤተ ሰቡ ሁሉ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ልጃችን ማርገዟን ሰምቻለሁ፤ ማርያም በሰላም ትፍታት። አዋላጅ እንደ መሆኔ ስለ አያያዟ አንዳንድ ነገር ጽፌያለሁና ስታነብላችሁ አድምጡልኝ።

ሐረግዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅሽን ሳታሰሚ አንብቢው።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ አንብቤ አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነበር። ፊደል የቆጠርሽው ቤቱ ውስጥ አንቺ ብቻ መሆንሽን እያወቅሁ ያን ሁሉ በአንቺ አፍ ልናገር ማሰቤ ጅልነት ነው። ተናድጃለሁ፤ በአባትሽም በራሴም። ለሴቶች ጉዳይ ቢሮ ላመለክት ሄጄ ነበር። እናንተ አካባቢ አሁን የሚንቀሳቀስ ሰው የለንም አሉኝ። አሁን የሚጠቅመን አንቺን ማትረፍ ነው።

ከባድ አትሸከሚ። ያገኘሽውን ብዪ፣ በተለይ እንቁላልና ባቄላ። ምጥሽ ሳይመጣ አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ የእርጉዞች ማቆያ ቤት ግቢ፤ በጥቅምት መባቻ እዚያ ሁኚ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ግን ቀኑን አትጠብቂ።

ይህን በራስሽ አፍ መናገር አትችዪም። እንግዲያው በእኔ አፍ ተናገሪ። ምራት ባትናገር ይርገዱ ትናገር። የሚያስፈልግሽን ሁሉ እኔ እንደ ጻፍኩት አድርገሽ አንብቢላቸው።

አክስትሽ


ወገራ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርገዱ፤

ዝናቡን የምሕረት ያድርግልን። እንዴት ነሽ? ሶሊያና አደገች? እኛ ደኅና ነን።

ምነው ይርጌ፣ እንዲህ ትእዛዝ አበዛሽሳ? እንስራ አትሸከም ያልሽው ተፈጽሟል። ውኃውን አሁን ምናለ በአህያ ያመጣል፣ የመንደሩ ጎረምሳ ይስቅበታል፣ እሱ ግን ችሎታል። እንቁላል ትብላ ያልሽውን አያ ወልደኢየሱስ ሰምቶ «ዶሮዎቼ ለማን እንደሚጥሉ ጎንደር ሆና ታዛለች?» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ቃል ነው ብሎ ፈቀደ። ባቄላውስ ይሁን። ከቀትር በኋላ ትተኛ ያልሽው ግን አልገባንም። የምናለ እናት እኔ ስድስት ስወልድ ቀን ተኝቼ አላውቅም ብላለች። ቢሆንም ትተኛለች።

አምባ ጊዮርጊስ ማቆያ ቤት ትግባ ያልሽውንም ተስማምተናል። አያ ወልደኢየሱስ በበቅሎዬ አደርሳታለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ ስታነብ ያ ቤት ጸጥ ይላል። ሌላ ጊዜ እንዳለችም አይታወቅ፤ ወረቀት ስትይዝ ግን ያ ትልቅ ሰው እንኳ ራሱን ዘንበል አድርጎ ይሰማታል። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ደስታዬን አልችለውም። ማስተማሬ ለዚህ በጀኝ እላለሁ።

ለከብቶቹ የመዥገር መድኃኒት ካገኘሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ማሩ

ጸሐፊዋ እጅ ነስቻለሁ። የቀትሩ እንቅልፍ ከእኔ የተጨመረ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰሞኑን ራሴን ይከብደኛል።


ጎንደር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማሩና ለአያ ወልደኢየሱስ ቤት፤

ዘመኑን በሰላም ያሸጋግራችሁ። ትእዛዜን ስለ ፈጸማችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የመዥገሩን መድኃኒት ልኬያለሁ። ልጃችን አሁኑኑ አምባ ጊዮርጊስ ሄዳ ደም ግፊቷን ትለካ።

ሐረግዬ፣ ከዚህ በታች ለአንቺ ነው።

አባትሽ ያስጻፈውን ሳነብ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከእኔ የተሻልሽ ይርገዱ ሆነሻል። በዶሮው ጉዳይ አያ ወልደኢየሱስ ሲያጉረመርሙ በዓይኔ መጡብኝ። እንዲህ መዋሸት መቻልሽን ወድጄዋለሁ፤ ስለ ውሸቱ አትጨነቂ፣ ኃጢአቱ በእኔ ነው።

ራሴን ይከብደኛል ያልሽው ግን አላሳቀኝም። ፊትሽ አብጧል? ዓይንሽ ብዥ ይላል? ጥቅምትን አትጠብቂ። ይርገዱ ዛሬውኑ ውሰዷት ብላለች ብለሽ አንብቢላቸው። ካስፈለገ እኔ ተቆጥቼ እንደ ጻፍኩ አድርጊው።

አክስትሽ


ወገራ፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን የምጽፈው እኔ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ነኝ፤ ቃሉ የማሩ ነው።

ለእህቴ ለይርገዱ፤

ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት ሐረገወይን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ነበር። ዲያቆኑ ለመስቀል እንኳን አደረሳችሁ ሊለን ጎራ ብሎ ነበርና አያ ወልደኢየሱስ አንብብልን አለው። ይህ ዲያቆን የሚያነበው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነው፣ አንዲት ፊደል አይዘልም። ላይኛውን አነበበ። «ከዚህ በታች ለአንቺ ነው» የሚለውንም አነበበ። ታችኛውንም እስከ መጨረሻው አነበበው።

አያ ወልደኢየሱስ ተነሥቶ ወጣ። ያ ሁሉ ወር በምራቱ አፍ ሲታዘዝ መክረሙን አወቀ። ከዚያ ተመልሶ ከእንግዲህ እሷ ወረቀት እንዳትነካ አለ። የአምባ ጊዮርጊሱም ነገር ሁለታችሁ የፈጠራችሁት ነው ብሎ ቃሉን አነሣ። እዚሁ ቤቷ ትወልዳለች።

እኔንስ? ወረቀቱን በብብቴ ይዤ፣ ወንዝ ተሻግሬ፣ በእጇ እሰጣት ነበር። እያየችኝ ያሻትን ትነግረኛለች፣ እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲጠሯት አለቀሰች፣ ይቅርታም ጠየቀች፤ እኔ ግን ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ሁለታችሁም አዋረዳችሁኝ።

ስለ ጤናዋ አትጨነቂ። አንቺ እብጠት ያልሽውን ሴቶቹ ውፍረት ነው ይላሉ። ፊቷ ሞላ ብሎ ሸጋ ሆናለች፣ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሏል። ወንድ ነው የያዘችው ይላሉ። ደግሞስ ስለ ውሸቱ አትጨነቂ ብለሽ የጻፍሽ አንቺ፣ እውነትሽን በምን እንለየው?

ማሩ


ጎንደር፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ወልደኢየሱስ፣ ለወንድሜ ለአያ ማሩ፤

ዲያቆን ሐብተ ማርያም፣ እንደ ልማድዎ ሳይዘሉ ያንብቡልኝ። በዚህ ወረቀት ላይ ለብቻ የተጻፈ የለም።

አያ ወልደኢየሱስ፣ እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቱ በእኔ ትእዛዝ ነው። ቅጣቱን ለእኔ ያድርጉት። ይህ ግን ውሸት አይደለም። ቀለበት ከጣት አልወጣ ማለቱ ሸጋነት አይደለም፤ ደም ግፊቷ ወጥቷል። ዛሬ ውሰዷት። ዓይኗ ብዥ ካለ ደግሞ እህል እስክትቀምስ እንኳ አትጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንዘፍዘፍ ነው፣ እሷንም ሕፃኑንም ይገድላል።

እኔ ልመጣ ተነሥቼ ከከተማው መውጫ ተመልሻለሁ። መኪና ቆሟል። ተክለ ጊዮርጊስ በእግሩ አደርሳለሁ ብሎኛል። አያ ማሩ፣ እኔን አትመን። ልጅህን ግን ሂድና ፊቷን እያት።

ይርገዱ


ወገራ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርገዱ፤ ጸሐፊው ዲያቆን ሐብተ ማርያም ነው።

ሰላምታውን ተዪውና የሆነውን ልንገርሽ። ከዚያ አንቺ የሆነውን ትነግሪኛለሽ።

ያ ደብዳቤ ሲደርስ ዲያቆኑ ሌላ ደብር ሄዶ ነበር። ፊደል የሚያውቅ ታጣ። አያ ወልደኢየሱስ «ለእሷ ስጧት፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንደምትፈጥር እንስማ» አለ። ሰጠኋት። ይዛው ብዙ ቆየች። ከዚያ «አይታየኝም» አለች። አያ ወልደኢየሱስ ሳቀ። አሁን ደግሞ ዕውር ሆነችልን አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ተናደድኩባት።

ኋላ እጇን አየሁት። ይርጌ፣ ፊደል አላውቅም። ግን ደብዳቤሽን ስትጀምሪ ከወረቀቱ ራስ ላይ መስቀል እንደምታደርጊ አውቃለሁ። መስቀሉ ከታች ነበር። ገልብጣ ነው የያዘችው። ልታታልለን ብትፈልግ አስተካክላ ትይዘው ነበር። ያን ጊዜ እጄን ዓይኗ ፊት አደረግሁላት፤ አልሸሸችም።

ማንንም አላስፈቀድኩም። ምናለን ተነሥ አልኩት፤ አባቱ ተው እያለው ተነሣ። ቃሬዛ አስረን ጎረቤት ጠርተን ወጣን። መንገድ ላይ ተንዘፈዘፈች፣ ምላሷን ነክሳ ደም በደም ሆነች። ተሸክመን ስንሮጥ «ልጄ፣ አምኜሻለሁ» እላት ነበር፤ የምትሰማ አይመስለኝም። አምባ ጊዮርጊስ መርፌ ወግተው ጎንደር በሚወስድ አምቡላንስ ላይ ጫኗት። አንድ አስታማሚ ብቻ ሲሉ ምናለ ገባ። እኔ አስፋልቱ ላይ ቀረሁ።

ዲያቆኑ ተመልሶ ደብዳቤሽን ሲያነብልን ያልሽው ሁሉ ልጄ ላይ የደረሰው ነው። አያ ወልደኢየሱስ አቀርቅሮ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር አንድ ቃል አልመጣም። በየቀኑ መንገድ ዳር እወጣለሁ። ሞታ ከሆነ ሞታለች በዪኝ፤ አታለሳልሺብኝ።

ማሩ


ጎንደር፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣ አለሁ።

ቃሉ የእኔ የሐረገወይን ነው፣ ጸሐፊዋ አክስቴ ናት። ዓይኔ ተመልሷል፤ ሰው እለያለሁ፣ ቁስቋምንም ከነዛፉ ከመስኮት አያለሁ። ፊደል ግን ገና ይዋኝብኛል። ቀደም ብለን የላክነው ደብዳቤ መንገድ ላይ መቅረቱን ያወቅነው ተክለ ጊዮርጊስ መጥቶ አሁንም በየቀኑ መንገድ ዳር እንደምትቆም ሲነግረን ነው።

ዲያቆን ሐብተ ማርያም፣ የሚቀጥለውን እኔ አፍሬ እንደ ዘለልኩት አይዝለሉት። አያ ወልደኢየሱስም ይስሙት።

አባዬ፣ ራሴን ሳላውቅ ሰንብቻለሁ። ማህፀኔን በቀዶ ጥገና ከፍተው ልጅቱን አወጧት። ሴት ነበረች። አላለቀሰችም። ክርስትና ስላልተነሣች ስም የላትም። ምናለ ነው ወስዶ የቀበራት። ስነቃ ሆዴ ባዶ ነበር፤ ወተቱ ግን መጣ፣ የሚጠባው ሳይኖር። እዚህ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ያሉትን ሴቶች ጠያቂ ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል።

ምናለ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አልቅሷል፤ አክስቴ ናት አባብላ እህል ያቀመሰችው። አልጠላሁትም። እሱም ገና ልጅ ነው።

አሁን አያ ወልደኢየሱስ ተርፋ እንደሆነ ለልደት ትመለስ ብለው በተክለ ጊዮርጊስ ልከውብኛል። ሐኪሟ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዳላረግዝ ብላለች። ይህን እዚያ ቤት ማን ይናገርልኛል? ወረቀት ተከልክያለሁ፣ አፍ የለኝም። ከገባሁ ለሚቀጥለው መስቀል ሌላ ልጅ ሆዴ ውስጥ ይሆናል። እዚህ ትምህርት ቤት ክፍት ነው። መቅረት እፈልጋለሁ።

ያላንተ ቃል ግን አልቀርም። ዝም ብዬ ብቀር ኮብላይ ነኝ፤ አንተ እዚያ ተዋርደህ ትኖራለህ፣ እኔም ደጅህን ዳግም አልረግጥም። አክስቴ እኔ ልወስንልሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ እምቢ አልኳት። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ፣ ነይ ካልከኝ እመጣለሁ።

ግን አባዬ፣ የመጣው ቃል ያንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አያ ወልደኢየሱስ ዲያቆኑን ነይ ብለህ ጻፍ ቢሉትስ? ነይ ተብሎ የመጣውን አክስቴ ቅሪ ብላ ብታነብልኝስ? ይህን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ።

ልጅህ ሐረገወይን

ጸሐፊዋ ይርገዱ፦ ያለችኝን ሁሉ ጽፌያለሁ። የመጨረሻውን ግን አላደርገውም አልልም።


ወገራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅታችን ለሐረገወይን ማሩ፤

ጸጋና ጤና ከሁሉ ጌታ ይሁንልሽ። እኔ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ዛሬ የምጽፈው ከራሴ ነው፤ አባትሽ የሚያስጽፈኝ የለም ብሏል።

ደብዳቤሽን በአባትሽ ቤት፣ አያ ወልደኢየሱስና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ሳልዘል አነበብኩት። ማህፀን የሚለው ላይ ስደርስ ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። እኔም ቆምኩ። ማሩ «ቀጥል» አለኝ። ሲያልቅ አያ ወልደኢየሱስ ቃል ቃል ነው፣ ለልደት ትመጣለች አሉ። አባትሽ እሺ አላላቸውም። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ሰላም አይባባሉም፤ ሽማግሌዎቹም ከእሳቸው ጋር ናቸው። ብቻውን እንደሆነ ብታውቂ ብዬ ነው።

በማግስቱ እኔ ፊደል የማስቆጥርበት ዛፍ ሥር መጣና ከሕፃናቱ ኋላ ተቀመጠ። «ሀ ሁን ተውልኝ፣ የምፈልገው ሁለት ፊደል ነው» አለኝ። አሳየሁት። እጁ ሞፈር እንጂ ብዕር አያውቅም፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ስንቱን አበላሸ። እጁን ይዤ ልምራው ብል ተቆጣኝ። የማን እጅ እንደሆነ ትለያለች አለ። ዓይንሽን ስለ ነገርሽው አስፍቶ ነው የጻፈው። ሁለተኛዋ ፊደል ተንጋዳለች፤ ላርማት ብዬ ብለምነውም አልሰጠኝም።

ከዚህ በታች ያለውን እኔ አልነካሁትም።

ቅሪ